ያለ ቋጠሮ ስለ መጀመር

ጥልፍ መማር የጀመረች ልጅ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ካስገባች በኋላ ወዲያው ጫፉን ትቋጥራለች። እናቷ የተቀደደ ልብስ ስትጥፍ እንዲህ ስታደርግ አይታለችና ማንም አይፈርድባትም። ለተቀደደ ልብስ፥ ለአዝራር፥ ለእህል ጆንያም ቋጠሮ መልካም ነው። ለመስቀለኛ ጥልፍ ግን መልካም አይደለም፤ የእጅ ሥራ አስተማሪም፦ ገና ትንሽ ናት፥ ሲቈይ ትተወዋለች ብላ ዝም ልትል አይገባትም። እጅ ቶሎ የለመደውን ቶሎ አይረሳምና።

መስቀለኛ ጥልፍ የሚሠራበት ጨርቅ ክሩ በዓይን እንዲቈጠር ሆኖ የተሸመነ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቋጠሮ በክሮቹ መካከል ሾልኮ ወደ ፊት ይወጣል፤ የዚያን ጊዜ የመጀመሪያው መስቀል ይላላል። ባይሾልክም እንኳ ጨርቁ ታጥቦ ሲተኰስ ቋጠሮው ከበታች እንደ ምስር ፍሬ ጕብ ብሎ ይታያል። የትራስ ልብስ ከሆነም የተኛውን ሰው ጕንጭ ይቈረቍረዋል።

ያለ ቋጠሮ መጀመር አስቸጋሪ አይደለም። የጥልፍ ክር ብዙ ጊዜ 6 ቀጫጭን ክሮች በአንድነት ሆነው ይሸጣል፤ በ2 ክር ለሚጠለፍ ሥራ ከ6ቱ አንዱን ብቻ ስቦ ማውጣት ይበቃል። ይህ ክር 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቈረጥና ከመካከሉ ይታጠፋል። ሁለቱ ጫፎች አንድ ላይ በመርፌው ቀዳዳ ይገባሉ፤ የታጠፈው ወገን እንደ ትንሽ ቀለበት ሆኖ በወዲያ በኩል ይቀራል። መርፌዋ ከጨርቁ ጀርባ ወደ ፊት ትወጣለች፤ ቀለበቱ ግን ከኋላ እንዲቀር በጣት ይያዛል። የመስቀሉ አንዱ እግር ተሠርቶ መርፌዋ ወደ ኋላ ስትመለስ በዚያ ቀለበት ውስጥ ታልፋለች። ቀስ ተብሎ ሲሳብ ክሩ ተኝቶ ይይዛል። በኃይል የጐተተች ልጅ ግን ጨርቁን ታጨማድደዋለች። ይህም ያው ቋጠሮ ነው የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ጕብ አይልም፥ መርፌዋ በመጣችበት ብትመለስም ይፈታል።

ይህ መንገድ ለ2፥ ለ4 ወይም ለ6 ክር ይሆናል እንጂ ለ1 ወይም ለ3 አይሆንም። በዚያ ጊዜ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ጅራት ከኋላ ይተዋል፤ የሚከተሉት 4 ወይም 5 መስቀሎች በላዩ እያለፉ ያስሩታል።

የጨርቁን ጀርባ ማን ያየዋል የሚሉ አሉ። በእንግሊዝ አገር በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት ፊደልንና ቍጥርን በመስቀለኛ ጥልፍ ይጽፉ ነበር። በኋላም የአንሶላውንና የፎጣውን ባለቤት የሚያስታውቅ ምልክት በዚያ ጥልፍ ያደርጉበት ነበር፤ ፎጣም ሲታጠፍና ሲዘረጋ ሁለቱም ወገን ይታያል። ደግሞ በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ጄን ቦስቶክ የተባለች ሴት ስሟንና በአውሮፓ አቈጣጠር 1598 የሚለውን ዘመን የጠለፈችበት ጨርቅ ይገኛል። እንዲህ ያሉ አሮጌ ጥልፎች ፊታቸው በብርሃን ብዛት ይደበዝዛል፤ የቀለሙን የቀድሞ መልክ ሊያውቁ የሚወዱ ሊቃውንትም ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን ይመለከታሉ።

ይህን ሁሉ የምታውቅ አስተማሪ አንዳንድ ጊዜ ትበረታለች፤ ቋጠሮ ባገኘች ጊዜ የሳምንት ሥራ በሙሉ አስፈትታ ልጂቱን ታስለቅሳለች። ይህ ትክክል አይደለም። ቋጠሮው ብቻ በመቀስ ይቈረጥ፤ ጫፉ እንዲረዝም 4 ወይም 5 መስቀሎች ይፈቱ፤ ከዚያም ያው ጫፍ በመርፌ ተይዞ ከኋላ በቀሩት መስቀሎች ሥር ይግባ። የተፈቱት መስቀሎች በአዲስ ክር ይሠራሉ፤ ልጂቱም ከዕረፍት ሰዓት በፊት ትጨርሳቸዋለች።