«ሲሞላልን እንወልዳለን» ቀን ካልተቆረጠለት ዕቅድ አይደለም



በውስጥ መስመር በብዛት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ከተጋባን ጥቂት ዓመታት ሆነን። የቤት ኪራዩና የኑሮ ውድነቱ አስፈርቶን ልጅ አዘግይተናል። እስከ መቼ ብንቆይ ችግር የለውም?»

ቤተሰብ ይህን ሲሰማ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል። ጓደኛ ደግሞ «መጀመሪያ ቤት ይኑራችሁ» ብሎ ይመክራል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ልጅ በዕድሉ ብቻ አያድግም፤ ወተት፣ ሕክምናና ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ቤት እስኪሠራ መጠበቅም ለብዙዎቻችን መጨረሻው የማይታወቅ ጥበቃ ነው። መዘግየት መብታችሁ ነው፤ ግን ቀን ቆርጣችሁ ዘግዩ። ገንዘብ ዛሬ ባይኖር ነገ ሊመጣ ይችላል፤ ያለፈ ዕድሜ ግን አይመለስም።

ዕድሜን በተመለከተ

ሴት ልጅ የምትወለደው በሕይወቷ የሚኖራትን እንቁላል ሁሉ ይዛ ነው። ቁጥሩም ጥራቱም ከ30ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ቀስ እያለ፣ ከ37 ዓመት በኋላ ደግሞ ፈጠን ብሎ ይቀንሳል። ጤነኛ የ30 ዓመት ሴት በአንድ ወር ሙከራ የማርገዝ ዕድሏ ከ100 ወደ 20 ገደማ ነው፤ በ40 ዓመቷ ከ5 በታች ይወርዳል። ፅንስ የመጨንገፍ ዕድሉም ከዕድሜ ጋር ይጨምራል።

«ካቃተን በሕክምና እንወልዳለን» የምትሉ አላችሁ። ፅንስን ከማኅፀን ውጭ የማዳቀል ሕክምና (አይቪኤፍ) አሁን በአገራችንም አለ፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ይሰጣል። ነገር ግን በራሷ እንቁላል ለምትሞክር ሴት ውጤቱ ከዕድሜዋ ጋር ይቀንሳል፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ገንዘብ ለመቆጠብ ዘግይቶ፣ የቆጠቡትን መልሶ ለማርገዝ ማውጣት ያሳዝናል።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ባለቤትዎ 33 ዓመቷ ነው፣ ሁለት ልጅም ትፈልጋላችሁ እንበል። ዛሬ ብትጀምሩ እርግዝናው እስኪመጣ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ የመጀመሪያውን ልጅ 35 ሊሞላት ሲል ትወልዳለች። ለእናትም ለልጅም ጤና ሲባል ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ቆይቶ ማርገዝ ይመከራል። ሁለተኛው ሲወለድ እንግዲህ 38 ዓመት ገደማ ይሆናታል። ይህ ዛሬ ከጀመራችሁ ነው። «ሁለት ዓመት እንቆይ» የሚለውን ከዚህ ሒሳብ ጋር አይታችሁ ወስኑ።

ወጪን በተመለከተ

ኑሮ መክበዱን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ሆኖም ልጅ የግድ የሚያስወጣውንና እኛ የምንጨምርበትን እንለይ።

• በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። አንዳንድ ምርመራና መድኃኒት ከውጭ ግዙ ልትባሉ ስለምትችሉ ለዚያ ጥቂት ያዙ።
• ሕፃኑ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ምግብም ውሃም አያስፈልገውም። ሐኪም ካላዘዘ በቀር የጣሳ ወተት በዝርዝራችሁ ውስጥ አይግባ።
• በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። አባት 3 ቀን ብቻ ስላለው የዓመት ፈቃዱን ለዚያ ጊዜ ያስቀምጥ።
• ትልቁ ወጪ የሚመጣው እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ነው፦ ሞግዚት ወይም የሕፃናት ማቆያ። አያት ትረዳለች ብላችሁ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቋት።
• የክርስትናና የልደት ድግስ፣ ለፎቶ የሚገዛ ልብስ የልጁ ፍላጎት አይደለም። ሊቀነስ ይችላል።

አንድ ምክር ልስጥ። ልጁ በወር ያስወጣናል የምትሉትን ገንዘብ ገምቱና ለሦስት ወር ልክ ልጁ እንዳለ አድርጋችሁ ለብቻው አስቀምጡ፤ እቁብም ቢሆን ይሆናል። ከቻላችሁ ፍርሃታችሁ ይቀላል፣ መያዣም ይኖራችኋል። ካልቻላችሁ ደግሞ የጎደለውን በቁጥር ታውቁታላችሁ።

መቆየት የሚሻለው መቼ ነው?

ዕድሜዋ ገና 20 ካልሞላ፤ ከመጨረሻው ወሊድ 2 ዓመት ካልሞላ፤ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ኖሮ በሚገባ ካልተስተካከለ፤ በቤት ውስጥ ዱላና ዛቻ ካለ፤ ወይም ሁለታችሁም ገቢ ከሌላችሁ መቆየቱ ይሻላል። ልጅ ሲመጣ የተበላሸ ትዳር ይታረቃል ብላችሁ አትውለዱ፤ ሸክሙ የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው።

ለመውለድ ስትወስኑ

1. ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማ ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም መውሰድ ትጀምር። የልጁን የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ችግር ይቀንሳል።
2. ሁለታችሁም የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና የቂጥኝ ምርመራ አድርጉ። እሷ የደም ማነስ፣ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ትጨምር። የምትወስዱትን መድኃኒት ለሐኪም አሳዩ።
3. እንክብል፣ ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረውን የምትጠቀም ሴት ስታቆም ቶሎ ልታረግዝ ትችላለች። የሦስት ወሩ መርፌ ግን ከመጨረሻው በኋላ 10 ወርና ከዚያም በላይ ሊያዘገይ ስለሚችል አስቀድማችሁ አስቡበት። መካን ግን አያደርግም።
4. ዕድሜዋ ከ35 በታች ከሆነ አንድ ዓመት፣ 35 ከሞላ 6 ወር ሞክራችሁ ካልመጣ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሁለታችሁም ሂዱ! የወንድ የዘር ፍሬ ምርመራ ቀላል ነው። ችግሩ ከወንዱ በኩል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ሆኖ ሳለ ዓመታት ሙሉ እሷን ብቻ ጠበል ለጠበል፣ ክሊኒክ ለክሊኒክ ማንከራተት ግፍ ነው።

ለወላጆችና ለአማቾችም አንድ ቃል፦ «ምነው ዘገያችሁ?» የሚለው ጥያቄ ፅንስ የጨነገፈባትን ሴት ምን ያህል እንደሚያቆስል አስቡት። የልጅ ልጅ ከናፈቃችሁ «ሲወለድ በምን ልርዳችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያ ጥያቄ ውሳኔውን ያቀልላቸዋል።

እናንተ ባልና ሚስት ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ተቀመጡ። ስንት ልጅ እንደምትፈልጉ፣ ዕድሜያችሁን፣ የወር ገቢያችሁን በወረቀት ጻፉ። ከሥሩም ወሩንና ዓመቱን አስፍሩ። «አንወልድም» ብትሉም ውሳኔ ነው፤ ይከበራል። ሳትወስኑ ዓመታቱ አይወስኑላችሁ።

መልካም ጤና! ለአዲስ ተጋቢዎች አጋሩላቸው።