«ሸማኔ ነበሩ» ተብሎ ይጻፍ

በየአጥቢያችን ፍትሐቱ ከተፈጸመ በኋላ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ያልሰማ አንባቢ የለም። አጻጻፉም ልማድ ይዞአል። የትውልድ ዘመንና ስፍራ፥ የጋብቻ ዘመን፥ የልጆችና የልጅ ልጆች ቍጥር ይነገራል፤ ቀጥሎም «ደግ፥ ሃይማኖተኛ፥ ሰው አክባሪ ነበሩ» ይባላል። ሟቹ ባለ ሹመት እንደ ሆኑ ሹመታቸው አንድም ሳይቀር ይቈጠራል። በእጃቸው ሠርተው የኖሩ እንደ ሆነ ግን «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። የስድሳ ዓመት ድካም በአራት ቃል አለቀ ማለት ነው።

ይህን የሚያስጽፈኝ፥ እኔ በምኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ባለፈው ዓመት ያረፉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን ቤተ ሰባቸው በጸሎት ያስበዋልና እዚህ አላነሣውም። ሥራቸውን ግን እናገራለሁ፤ ሸማኔ ነበሩ። ሰፈሩ ገና ሜዳና እርሻ በነበረበት ዘመን መጥተው ትንሽ ቤት ሠሩ፤ በወለሉም ላይ ጕድጓድ ቈፈሩ። ሸማኔ እግሩን ከጕድጓዱ ሰድዶ፥ በጕድጓዱ ከንፈር ተቀምጦ ይሠራልና። እግሩ መርገጫውን ሲያፈራርቅ ድሩ ይከፈታል፤ መወርወሪያው በተከፈተው መካከል ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ማጉን ይዞ ያልፋል። ለአንድ ጋቢ ይህ ስንት ሺሕ ጊዜ እንደሚደገም የቈጠረ አላየሁም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ዳሩ ላይ የሚገባው ጥለት ደግሞ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ሽማግሌው ጥለቱን በወረቀት ሳይነድፉ፥ ክሩን በልባቸው እየቈጠሩ ያገቡት ነበር። ይህ ሒሳብ ነው፤ እኔ ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ እንዲህ ያለውን ቍጥር ያለ ጠመኔ ልይዘው አልችልም።

ልጆቻቸው ተምረው፥ ሥራ ይዘው፥ የበኵሩ ልጅ ጀሞ ከተሠሩት ፎቆች በአንዱ ቤት ባገኘ ጊዜ «አባባ፥ ከእኛ ጋር ይኑሩ» ብሎ ለመናቸው። እርሳቸውም «ፎቅ ላይ ጕድጓድ አይቈፈርም» ብለው ቀሩ።

ባረፉ ማግሥት ማታ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ተጠራሁ። ልጆቹ የነገሩኝን ጻፍሁ። ከሥራቸው ስደርስ የበኵሩ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «መምህር፥ ‹በግል ሥራ› ቢባል አይበቃምን?» አለኝ። የሚያፍርበት ምክንያት አልጠፋኝም፤ በልጅነቱ በትምህርት ቤት ደጅ «የቍጢት በጣሽ ልጅ» ሲባል ያደገ ሰው ነው። እኔ መልስ ሳልሰጥ፥ ከግድግዳው ሥር በምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ባለቤታቸው ቀና ብለው፥ «ሸማኔ ነበሩ ብለህ ጻፍ፤ ማጉን የፈተልሁትም እኔ ነኝ፤ እርሱንም ጻፍልኝ» አሉኝ። እንዳሉትም ተጻፈ። በማግሥቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሲነበብ፥ ከቆሙት ሰዎች አያሌዎቹ ጐንበስ ብለው የለበሱትን ጋቢ ዳር ሲመለከቱ አየሁ።

ይህ ኀፍረት ከየት መጣ? ረጅም ዘመን ያለው ነው። በአገራችን ጦረኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፥ ጋሻውና ጦሩ ተይዞ በልቅሶው መካከል ይወጣ ነበር፤ የአንጥረኛን መዶሻ ወይም የሸማኔን መወርወሪያ ያወጣ ግን አልተሰማም። እንዲያውም ማረሻችንን የሚሠራልን «ጠይብ» ተብሎ ተሰደበ፤ ቍርበታችንን የሚያለፋልን «ፋቂ» ተባለ፤ በዚህም ላይ «ቡዳ ነው» ተብሎ ተሸሸ። በእርሱ ማረሻ ታርሶ የበቀለውን እንጀራ ግን የሸሸ የለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ አንጥረኛውንም ሸማኔውንም ለይተው አንሥተዋል። ዐዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎአል፤ ስድቡ ከአደባባይ ቢርቅም፥ በሕይወት ታሪክ ወረቀት ላይ ዝም በማለት ተተክቶአል።

ቤተ ክርስቲያን በምታነብበው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ዝምታ የለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 ባስልኤልና ኤልያብ ለድንኳኑ ሥራ ጥበብ እንደ ተሞሉ ሲነገር፥ የሸማኔ ሥራ በስሙ ተጠርቶ ከጥበብ ጋር ተቈጥሮአል። በዚያው ምዕራፍ በእጃቸው የፈተሉ ሴቶችም አልተዘነጉም። (ለነገሩ አማርኛችንም ይህን ያውቃል፤ የልብስ ዳር ጌጥንም የልብ ማስተዋልንም በአንድ ስም «ጥበብ» ይለዋል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይሥቃሉ፤ ኋላም ነጠላቸውን ያገላብጣሉ።) ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ተጽፎአል፤ ጸሓፊው ቅዱስ ሉቃስ «በግል ሥራ ይተዳደር ነበር» ብሎ አላለፈውም።

ከሁሉ ይልቅ የኢዮጴዋ ጣቢታ ነገር ይደንቀኛል። ታሪክዋ በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 9 ይገኛል። እርስዋ በሞተች ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ተጠርቶ ወደ ሰገነቱ ቢወጣ፥ መበለቶች እያለቀሱ ከበቡት። ስለ ደግነትዋ ብዙ ቃል አልደረደሩም፤ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራችውን ልብስ አሳዩት እንጂ።

ጽሕፈትን በሚመለከት ደግሞ ከእኛው ዘመን የቀረበ ምሳሌ አለ። ደራሲው መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብሎ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል ስም አሳትሞአል። አለቃ ለማ የቅኔና የመጻሕፍት ሊቅ ነበሩ፤ ልጃቸውም ደራሲ ሆነላቸው። የሸማኔው፥ የአናጢው፥ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን ደራሲ መሆን አያስፈልገውም፤ አንድ ደብተር ይበቃዋል። አባቱ ገና ተቀምጠው ቡና በሚጠጡበት ሰዓት ይጠይቃቸው። ሥራውን ከማን ተማሩት? በስንት ዓመታቸው? መሣሪያው ከምን እንጨት ተሠራ፥ እያንዳንዱስ ክፍል ምን ይባላል? ድሩ ከየት ይገዛ ነበር? ለማን ሠሩ፥ ማንስ ሳይከፍል ቀረ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያስወራል።

እኔም ከአርባው ተዝካር በኋላ የሽማግሌውን ባለቤት፥ «የመጀመሪያው ጋቢያቸው የት ደረሰ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዳሩ ተጣምሞ ስለ ወጣ ያዘዘው ሰው አልወስድም ብሎ እንደ ተወው ነገሩኝ። እስከ ዛሬም እርሳቸው ይለብሱታል።