ከዘር ወረቀቱ በፊት የክትባት ወረቀቱ!

ማስታወቂያው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ባለቤቶቹ ወደ ውጭ ስለሚሄዱ በአስቸኳይ የሚሸጡ የቤት ዕቃዎች» ብሎ ይጀምራል። ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ መጋረጃ ከነዘንጉ። ዝርዝሩ ሲያልቅ አንድ ፎቶ ብቅ ይላል፤ ፊቷ ጠፍጣፋ፣ ፀጉሯ የተንዠረገገ፣ ዓይኖቿ የፈጠጡ ድመት። ከሥሯም፦ «ኦሪጅናል ፐርሺያን፣ በጣም ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ዋጋ በስምምነት። አድራሻ ቃሊቲ።»

ኦሪጅናል! ልክ እንደ ስልክ ቻርጀር።

ስለ ፍሪጁ ብዙ ተብሏል። ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ተነክቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ተጽፏል። ስለ ድመቷ ግን ዕድሜዋ እንኳ የለም። ተከትባለች? እንዳትወልድ ተደርጋለች? ምን ትበላለች? ታማ ታውቃለች? ሻጩ አይናገርም፤ ገዢውም አይጠይቅም። የገዢው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ዘሯ ንጹሕ ነው?»

ይህ ጥያቄ በዚህ አገር ለሰውም በጎ ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም፤ ለድመትም አይበጅም።

ነገሩ ግልጽ ይሁን። ከሳሪስ ወዲያ፣ ከቃሊቲ እስከ አቃቂ፣ ከገላን እስከ ቱሉ ዲምቱ በተዘረጉት ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ድመት ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ነውር አልሠራም። ቤቷን ያጣችን ድመት ተቀብሎ ማሳደግ ደግሞ ደግነት ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ድመቷ ከሶፋው ጋር በአንድ ዝርዝር የገባች ዕለት ነው። ሶፋ የሚሸጥ ሰው ከሸጠ በኋላ ግዴታ የለበትም። እስትንፋስ ያላትን ፍጡር አሳልፎ የሚሰጥ ግን እውነቱን የመናገር ዕዳ አለበት፤ የሚቀበለውም የዐሥርና የዐሥራ አምስት ዓመት ዕዳ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ሁለቱም ዕዳ «ፐርሺያን» በሚል አንድ ቃል ተሸፍኖ እየቀረ ነው።

*

በየሰፈሩ ሁለት ዓይነት ድመት አለ ይባላል፤ «የፈረንጅ» እና «የሐበሻ»። የፈረንጇ ትሸጣለች። የሐበሻዋ፣ በተለይ የወለደች እንደሆነ፣ ከነልጆቿ በጆንያ ተከታ መንገዱን እንዳትለይ ወንዝ ማዶ ትጣላለች።

ይህን የሰማ የውጭ አገር ድመት አርቢ ግራ ይገባዋል። በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነ የድመት ዝርያዎች አንዱ «አቢሲኒያን» ይባላልና። በአማርኛ ሲፈታ «የሐበሻ» ማለት ነው።

ታሪኩ ወደ መቅደላ ይወስዳል። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ መቅደላ ድረስ ወጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ እጃቸው አለፉ። ጦሩም ብራናውን፣ ታቦቱን፣ ዘውዱን፣ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1874 ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ሐኪም ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ «ዙላ» የምትባል ድመት ሥዕል አለ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ከአቢሲኒያ እንደመጣች ተጽፎላታል። ጊዜው እንግሊዞች ድመትን በዝርያ መለየትና ማወዳደር የጀመሩበት ነበር። ሐሪሰን ዊየር የተባለው ሠዓሊ የመጀመሪያውን ትልቅ የድመት ትርኢት ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። «አቢሲኒያን» የሚለው ስምም በዚያ ዘመን ጸንቶ ቀረ።

ታዲያ ዝርያው በእርግጥ ከሐበሻ ምድር ነው? የዘረ መል ጥናቱ የሚጠቁመው ወደ ኢትዮጵያ ሳይሆን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ነው። እንግዲህ ወረቀት ያላት «የሐበሻ ድመት» ሐበሻ መሆኗ ያጠራጥራል፤ ሐበሻ መሆኗ የማያጠራጥረው ደግሞ ወረቀት የላትም፤ ጆንያ ውስጥ ናት።

ፔዲግሪ የሚባለው ነገር ከዚህ አይዘልም። የእናት፣ የአባት፣ የአያት ስም የሰፈረበት ወረቀት ነው። ድመቷ ከማን እንደተወለደች ይናገራል፤ ጤነኛ መሆኗን አይናገርም። ለዚያውም በዚህ ገበያ ወረቀቱ እንኳ ሳይታይ ነው «ኦሪጅናል» የሚባለው። ፀጉር ከረዘመ፣ አፍንጫ ከገባ፣ በቃ ፐርሺያን ናት።

*

«በጣም ጨዋ» የሚለውም ቃል መመርመር አለበት።

ፐርሺያን በተፈጥሮዋ የረጋች ናት፤ ይህ ውሸት አይደለም። መጋረጃ ላይ አትንጠላጠልም፣ ሌሊት ቤት አታተራምስም። ነገር ግን ድመት ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ናት። ጥግ ይዛ የምትተኛ፣ የማትጫወት፣ ወንበር ላይ የማትዘል ድመት ጨዋ ልትሆን ትችላለች፤ ታማሚም ልትሆን ትችላለች። ሁለቱን የሚለየው ሐኪም እንጂ ፎቶ አይደለም።

ያ እንደ ቆንጆ የሚታየው ጠፍጣፋ ፊት ዋጋ ያስከፍላል። የአፍንጫዋ ቀዳዳ ስለሚጠብ ሙቀት ሲበረታ ትንፋሽ ያጥራታል። የእንባ መውረጃዋ ስለሚጣመም ዓይኗ ዘወትር ያለቅሳል። ፀጉሯ በየቀኑ ካልተበጠረ ተቋጥሮ ቆዳዋን ይጎትታል። ከሁሉም የከፋው የኩላሊቷ ነገር ነው። ፐርሺያኖች ኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚፈጥር በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለባቸው። ከእናት ወይም ከአባት፣ ከአንዳቸው ብቻ መውረሱ ይበቃል። የዘረ መል ምርመራው ከመምጣቱ በፊት በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከ3 ፐርሺያኖች ከ1 በላይ የሚሆኑት ተይዘው ተገኝተዋል። በሽታው ከልደት ጀምሮ አለ፤ ጎልቶ የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው። ማለትም ሻጩ ካናዳ ገብቶ መኖሪያ ፈቃዱን ካወጣ በኋላ።

ሌላም የማይነገር ጉድ አለ። «ለማራባት የምትሆን» ተብላ የምትሸጥ አለች። አንዱ ሁለት ጊዜ ያስወልዳታል፣ ለሌላው ይሸጣታል፣ እሱም ያስወልዳታል። ጠፍጣፋ ፊት ያላቸው ድመቶች ግልገሎቻቸው ራሰ ትልቅ ስለሆኑ ምጥ ይጠናባቸዋል። ከእጅ ወደ እጅ የምትዞረው «ጨዋ» ድመት ዝምታዋ የጨዋነት ሳይሆን የድካም ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ የለም።

*

እሺ፣ ድመቷ መጣች እንበል። ገላን፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ከዚያስ?

ቤት መቀየር ምን እንደሆነ የዚህ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡ ሰዎች ጎረቤት፣ ዕድር፣ የለመዱት ጉሊት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲቀየር ምን እንደሚመስል ይነግራሉ። ድመት ደግሞ ከሰውም በላይ ከቦታ ጋር የምትጣበቅ ፍጥረት ናት። አዲስ ቤት ስትገባ አልጋ ሥር ትደበቃለች፤ ይህ ክፋት አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከድሮ ቤቷ በመጣ ጨርቅ ላይ፣ ሳይጎትቷት መተው ነው የሚያስፈልጋት። ሁለትና ሦስት ቀን ሙሉ እህል ካልቀመሰች ግን መጠበቅ አያዋጣም፤ ከምግብ የተቋረጠች ድመት ጉበቷ ይጎዳል። በሁለተኛው ቀን «አልለመደችም» ተብላ ለሌላ ሰው የምትተላለፍ ድመት ምንም አልበደለችም፤ የበደላት ሰው ነው።

ምግቧም ቢሆን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመኛ ቤት ውስጥ ለድመቷ የሚደርሳት የሽሮ ፍትፍት ይሆናል። ድመት ግን በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ውሎ አድሮ ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። ሰው ለነፍሱ ይጾማል፤ ድመት የምትጾምለት ነፍስ የላትም። ወተቱም ቢሆን ደግነት የሚመስል ስሕተት ነው፤ ለአብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች ተቅማጥ ነው።

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባላል። የረጋች ፐርሺያንም ብትሆን አይጥ ስታይ ትነሣለች። አቃቂና ቃሊቲ ደግሞ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ነው፤ እህል ባለበት አይጥ አለ፣ አይጥ ባለበት የአይጥ መርዝ አለ። መርዝ የበላች አይጥ የበላች ድመት እሷም ትመረዛለች። ፎቅ ላይ ደግሞ ክፍት መስኮትና በረንዳ አለ። ስለዚህ «ጨዋ ናት፣ የትም አትሄድም» ብሎ በር ከፍቶ መተው ፍቅር አይደለም።

ጎረቤትም መብት አለው። እብድ ውሻ በሽታን በብዛት ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ውሻ ቢሆንም ድመትም ይያዛል፣ ድመትም ያስተላልፋል። ያልተከተበች ድመት ልጆች በሚጫወቱበት ደረጃ ላይ መልቀቅ በጎረቤት ልጅ ላይ መቆመር ነው። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ደግሞ ድመቷን መንገድ ላይ መጣል መፍትሔ አይደለም። ከድመት ዓይነ ምድር የሚመጣው የቶክሶፕላዝማ ተሐዋሲ ወደ ሰው ለመተላለፍ ዝግጁ የሚሆነው ከወጣ ከአንድ ቀን በኋላ ነው። አሸዋውን በየቀኑ ሌላ ሰው ቢደፋው፣ ሥጋ ጥሬውን ባይበላ፣ እጅና አትክልት በደንብ ቢታጠብ አብዛኛው ሥጋት ይወገዳል።

ሐኪም የለም የሚል ሰበብ ቢያንስ እዚህ ሰፈር አይሠራም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም እዚያው ነው። አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ የቢሾፍቱ መንገድ በሩ ነው። ለጨርቅ ግዢ መርካቶ ድረስ የሚሄድ ሰው ለክትባት ቢሾፍቱ ሩቅ ነው ቢል ማን ያምነዋል?

*

«ሰው በተራበበት፣ ሰው ከቤቱ በተፈናቀለበት አገር ስለ ድመት ይወራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

መንግሥት ለድመት በጀት ይመድብ ያለ የለም። ምስኪኑ ከልጁ ጉሮሮ ነጥቆ ለድመት ሥጋ ይግዛ ያለም የለም። እየተወራ ያለው ብር ከፍሎ ድመት ስለሚገዛ ሰው ነው። ለመግዣው ገንዘብ ያለው ሰው ለክትባቱ የለኝም ሊል አይችልም። ከሌለውም አለመግዛት መብቱ ነው። በዚያ ላይ ነገሩ የድመት ብቻ አይደለም። ልጆች ያያሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አብራቸው የተኛች ድመት ከፍሪጁ ጋር ተሸጣ ስትወጣ ያየ ልጅ ምን ይማራል? የሚወዱት ነገር መንገድ ሲመጣ እንደሚሸጥ። ይህን ትምህርት የተማረ ልጅ ነገ ሽማግሌ አባቱን በምን ዓይን ያያል?

«የምሄድ ሰው ምን ላድርግ ታዲያ?» የሚለውም አለ። መሄድ ኃጢአት አይደለም። የቤት ኪራይ ይጨምራል፣ ሥራ ይቀየራል፣ ቪዛ ይመጣል። ግን ቪዛ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ወራት ይፈጃል። ያንን ጊዜ ለሶፋው ገዢ ለማፈላለግ የተጠቀመ ሰው ለድመቷም ቤት ማፈላለግ ይችላል። የሚቀበለውን ሰው ቤቱ ሄዶ ማየት፣ አንድ ሁለት ጊዜ መጥቶ እንዲለማመዳት መጋበዝ፣ የምትተኛበትን ጨርቅና የምትበላበትን ሳሕን አብሮ መስጠት፣ ጉድለቷን ሳይደብቁ መናገር፤ ከዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም።

ተቀባዩም ቸኩሎ እጁን አይዘርጋ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል። ዕድሜዋን፣ ክትባቷን፣ መምከኗን፣ የኩላሊቷን ነገር ሳይጠይቅ «ዘሯስ?» የሚል ሰው ድመት ሳይሆን ፎቶ ነው የሚፈልገው። ፎቶ ደግሞ በነጻ ይገኛል።

እውነተኛ ማስታወቂያ ቢጻፍ እንዲህ ይል ነበር፦ «ስድስት ዓመቷ ነው። ተከትባለች፣ ወረቀቷ አለ። አትወልድም። ዓይኗ ያለቅሳል፣ በየቀኑ መጠረግ አለበት። ፀጉሯም በየቀኑ ይበጠራል። ሰው ትወዳለች፣ ሕፃናት ሲጎትቷት ትቧጭራለች። መጥታችሁ እዩአት። ዘሯን በእርግጥ አናውቅም። ዋጋ የላትም።»

ይህን አንብቦ አሁንም «እወስዳታለሁ» የሚል ሰው፣ ድመቷ የሚገባት እሱ ዘንድ ነው።