ጭራውን ሳያዩ ፑንታ አይሸጥም

እህቶችና ወንድሞች፣ ጤፍ ስንገዛ ዘግነን እናያለን፤ እንስራ ስንገዛ አንኳኩተን እንሰማለን። ፑንታ ላይ ስንደርስ ግን በኪሎ ገዝቶ በፍሬ መቸብቸብ ተለምዷል። ይህ ንግድ አይባልም፤ የአናጺን የቀን ገቢ መብላት ነው።

የምንናገረው በደረት ተጭነው እንደ ማኒቬላ በእጅ ስለሚያዞሩት አሮጌ ትራፓኖ ነው። ጊዜው ያለፈበት ብረት ነው ሲባል ኖሯል። በካርቱም ጦርነቱ ከተነሳ ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጥር 2017 የመረዌ ግድብ የኃይል ጣቢያ በድሮን ሲመታ ብዙ ከተማ ጨለመ። መጋቢት 2017 ጦሩ ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ቤቱ የተመለሰው ብዙ ሰው በርና መስኮቱን አጥቶ ጠበቀው። አናጺ ይፈለጋል፤ መብራት ግን አይታመንም። የእጅ ትራፓኖ ከተጣለበት የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ ፑንታ እንላለን፣ እነሱ ቡንጣ ይላሉ፤ ቃሉ ለሁላችንም ከጣሊያን የመጣ ነው። ስሙ አንድ በመሆኑ ግን ዕቃው አንድ አይሆንም። ኦስታው "ቡንጣ" ሲለን የኤሌክትሪኩን ሰጥተን ከሸኘነው አታለልነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ጭራው ይታይ። የአሮጌው ትራፓኖ አፍ ሁለት መንጋጋ አለው፤ የተሠራውም አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጫፉ የሚቀጥን ጭራ እንዲነክስ ነው። የኤሌክትሪኩ ፑንታ ጭራ ድቡልቡል ስለሆነ እንጨቱ ጠንከር ሲል እዚያው አፉ ውስጥ ይሽከረከራል። ባለ ስድስት ማዕዘኑ በአንዳንዱ ይያዛል፤ ለትንሽ ቀዳዳ ይበቃል፣ ለትልቅ ግን አይታመንም።

ቀጥሎ ቁጥሩ ይነበብ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ፑንታ ጭራ ላይ የተመታው ቁጥር ኢንች ለ16 ተከፍሎ የሚቆጠር ነው። 8 ማለት ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 16 ደግሞ ሙሉ ኢንች። በሚሊሜትር የተመታም ስላለ በመለኪያ ማረጋገጥ ይገባል። 8 ሚሊሜትር ለጠየቀ ሰው 8 ቁጥር የሰጠ ነጋዴ የሰውየውን በር አበላሽቷል። የተቀደደ ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብም።

ሦስተኛ አፍንጫው ይመርመር። ጫፉ ላይ እንደ ብሎን የተጠመዘዘችው ነገር ፑንታውን ወደ እንጨቱ የምትስበው ናት፤ ጥርሷ ከተበላ አናጺው ቢገፋ ቢገፋ አይገባለትም። ጥርሷ ደቃቅ የሆነው ለጠንካራ እንጨት፣ ሰፋ ያለው ለለስላሳ ነው። የኦምዱርማን ጀልባ ሠሪዎች የሚሠሩበት የግራር ወገን የሆነው ሱንት ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ ደቃቁን ይፈልጋል። መሃሉ ወፍራም ግንድ ያለው የኢርዊን ዓይነትም ለእንዲህ ያለው እንጨት ይበረታል፤ ሁለት ጠርዝ አብሮ የሚጠመዘዝበት የጄኒንግስ ዓይነት ደግሞ ንጹሕ ቀዳዳ ያወጣል።

ዳርና ዳር ያሉት ቀንዶችም ይታዩ። ሞረድ የሚነካቸው ከውስጥ ብቻ ነው። ከውጭ የተሞረደ ፑንታ የራሱ ገላ የማያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ይቆርጥና ተቀርቅሮ ይቀራል። ይህን ቢያብረቀርቅም አትግዙት። ዝገት የነካው ግን ቀንዱና ጥርሱ ደህና ከሆነ በዘይትና በብሩሽ ይድናል። መጉበጡን ለማወቅ መስታወት ላይ ማንከባለል ይበቃል።

"ገዢው ዓይን አለው፣ ራሱ ይምረጥ" የሚሉን አሉ። ገዢውማ ዓይን አለው፤ ትራፓኖው ግን ሥራ ቦታው ነው፣ አብሮት አልመጣም። "ርካሽ ነው የሚፈልጉት" የሚሉም አሉ። በንግድ ትምህርት የተማርነው ሒሳብ ሌላ ይላል፦ ከአንድ የማይሠራ ፑንታ የተገኘ ትርፍ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፤ የሄደው ደንበኛ ግን በየወሩ ኪሳራ ነው። ያውም እዚህ አገር የአንዷ ጥፋት ለሁላችን ይተርፋል። "ሐበሾቹ የማይሆን ዕቃ ይሸጣሉ" ከተባለ ዱቤ የሚያጡት ፑንታ የሸጡት ብቻ አይደሉም፤ ቡና የምትሸጠውም፣ በርበሬ የምታመጣውም ናት።

"መብራት ሲመለስ ማን ይገዛዋል?" ለሚሉም መልስ አለን። እስኪመለስ ድረስ ሰው በር የሌለው ቤት ውስጥ ይደር?

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነው። ፑንታችሁን በጭራው ለዩ፤ አራት ማዕዘኑን ለብቻ፣ ድቡልቡሉን ለብቻ አስቀምጡ። ቁጥሩን በኢንችም በሚሊሜትርም ንገሩ። መደባችሁ ላይ አንድ አሮጌ ትራፓኖና አንድ ቁራጭ ሱንት ይኑር፤ ኦስታው ቀድዶ አይቶ ይክፈል። ይህን ማድረግ የሚከብደው ካለ ፑንታ ይተውና ማንም ሳይፈትነው የሚገዛው ዕቃ ይፈልግ። ካገኘ ለእኛም ይንገረን።