መዋጮው ይከፈላል፤ የቦሌ ሰማይስ?

ለጊዮርጊስና ለቡና ደጋፊ ዓመታዊ መዋጮ አዲስ ነገር አይደለም። በፓራሹት ዝላይ ግን መዋጮው መታወቂያ ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንስም ነው። የአሜሪካው ማኅበር አባሉ በሰው ወይም በንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እስከ 50 ሺህ ዶላር ይሸፍናል። የዘላዩ የራሱ እግር ቢሰበርስ? እሱን አይመለከተውም!

እስቲ ይህን ስፖርት ቦሌ እናምጣው። ማረፊያው ራሱ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። ዝላዩ እንደተለመደው ከመሬት 4,000 ሜትር ያህል ይሁን ከተባለ አውሮፕላኑ ከ6,300 በላይ መውጣት አለበት፤ እዚያ ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይሞከርም። አየሩ ስለሚሳሳም ፓራሹቱ ፈጠን ብሎ ነው የሚያወርደው። የመንገደኛ አውሮፕላን የሚመላለስበት ሰማይ መሆኑ ሳይረሳ ነው ታዲያ። ቢሾፍቱ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ብትልም ሒሳቡ ብዙ አይቀልም። መዋጮው በዓመት አንዴ ነው፤ ነዳጁና ኦክስጅኑ ግን በየዝላዩ ኪስ ይገባሉ።