ትናንት ምን ተማርን? የሚል ዜና ያስፈልገናል

ዜና ማለት ነገሩ በተደረገበት ስፍራ ያልነበረ ሰው የሆነውን ያውቅ ዘንድ የሚደርሰው ቃል ነው። ነጋዴ የገበያውን፣ ገበሬ የዝናቡን፣ ሐኪምም የበሽታውን ወሬ በጊዜው ካልሰማ ሥራውን በሚገባ ሊያከናውን አይችልም። የትምህርት ቤትም ነገር እንዲሁ ነው። ልጁን በማለዳ ቀስቅሶ የላከ አባት፣ በአንደኛው ክፍል የሚያስተምር አስተማሪ፣ በሌላው ክፍል የተቀመጠ ተማሪ፣ ሁሉም ከግድግዳው ወዲያ ምን እንደ ተሠራ ሊያውቁ ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ በእኛ ትምህርት ቤት ከሚነገረው ዜና ሁሉ የሚያንሰው የትምህርቱ ዜና ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ትምህርት ቤታችን ትንሽ ናት። የአካባቢው ሕዝብ እንደ አቅሙ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ድንጋይና አሸዋ አቅርቦ፣ ጉልበቱንም ሰጥቶ ያሠራት ስለ ሆነች ሁላችንም እንደ ቤታችን እናያታለን። በየጠዋቱ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ መዝሙር ከተዘመረ በኋላ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባሎች በድምፅ ማጉያው ዜና ያነባሉ። በመጀመሪያ መታወቂያው የጠፋበት ተማሪ ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ የደንብ ልብስ ሳይለብስ የሚመጣ ሁሉ ከበር እንደሚመለስ ይነገራል፤ ከዚያም 10ኛ ሀ ከ10ኛ ለ ጋር የሚያደርገው የእግር ኳስ ግጥሚያ ይታወጃል። በመጨረሻም አንድ ጥቅስ፣ አንድ እንቆቅልሽና አንድ ቀልድ ተሰምቶ ወደየክፍላችን እንገባለን።

ይህን ሁሉ የምጠቅሰው ለመንቀፍ አይደለም። መታወቂያው የጠፋበት ልጅ ሊያገኘው ይገባል፤ ኳሱም ቢሆን ለጤናና ለወዳጅነት ይረዳል፤ እንቆቅልሹም አእምሮን ይስላል። ነገር ግን አስቡት! በእንግሊዝ አገር ያሉ ሁለት ቡድኖች ቅዳሜ ስንት ለስንት እንደ ተለያዩ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእኛ ክፍል አጠገብ ያለው ክፍል ትናንት ምን እንደ ተማረ ግን ከመካከላችን የሚያውቅ የለም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «በትምህርት ክፍል ውስጥ ዜና የሚባል ምን ነገር አለ? አስተማሪ ያስተምራል፣ ተማሪ ይጽፋል፤ በቃ» ይል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ ያለው ሰው ቀርቦ አላየም እላለሁ። በዚህ ዓመት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ከፊዚክስ አስተማሪያቸው ጋር አንድ ድንጋይ በ1 ሜትር ሲባጎ አስረው አወዛወዙት፤ 10 ጊዜ ደርሶ ለመመለስ 20 ሰከንድ ያህል ፈጀበት። ከዚያ ድንጋዩን በከበደ ድንጋይ ለወጡት፤ ጊዜው አልተለወጠም። ሲባጎውን ባሳጠሩት ጊዜ ግን ፈጥኖ ይወዛወዝ ጀመር። ስለዚህ ውዝዋዜውን የሚወስነው የሲባጎው ርዝመት እንጂ የድንጋዩ ክብደት አለመሆኑን በዓይናቸው አዩ። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ከታናናሾቻችን አንደበት በአጋጣሚ ነው። ከእኛም ውስጥ ይህንን ሕግ በቃሉ እንጂ በዓይኑ የማያውቅ ብዙ ነበር።

ሁለተኛ ምሳሌ ልስጥ። የሒሳብ አስተማሪያችን በአንድ ክፍለ ጊዜ ወደ ሜዳ አውጥተውን የሰንደቅ ዓላማችንን ምሰሶ ቁመት ሳንወጣበት እንድንለካ አዘዙን። 1 ሜትር የሆነ በትር አቆምን፤ ጥላው 60 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በዚያው ሰዓት የምሰሶው ጥላ ሲለካ 4 ሜትር ከ20 ሆኖ ተገኘ። 420ን ለ60 ስናካፍል 7 ደረሰን፤ እንግዲህ ምሰሶው 7 ሜትር ነው ማለት ነው። በየጠዋቱ ከዚያ ምሰሶ ሥር ተሰልፈን ዜና ስንሰማ ከርመናል፤ ስለ ራሱ ስለ ምሰሶው የተገኘው ይህ ዕውቀት ግን አንድ ቀን እንኳ በድምፅ ማጉያው አልተነገረም። ይህ ለታናናሾቻችን ቢነገራቸው ኖሮ ከመካከላቸው ስንቱ ወደ ቤቱ ሄዶ የባሕር ዛፉንና የቤተ ክርስቲያኑን ቁመት ይለካ ነበር!

እስካሁን የተናገርሁት ደስ ስለሚያሰኘው ዜና ነው። ደስ የማያሰኘውም ዜና ቢሆን መነገር ይገባዋል፤ እንዲያውም አብልጦ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። በገበያ ቀን የክፍላችን ወንበሮች ይራቆታሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራ ሲሰበሰብ ከገጠር የሚመጡ ወንድሞቻችን ይቀራሉ። ውኃ ሲጠፋ ከሩቅ ለመቅዳት የሚላኩት እህቶቻችን ስለ ሆኑ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያመልጣቸው እነርሱን ነው። የቤተ ሙከራው በር የሚከፈትበት ቀን ጥቂት ነው። ከሁለት ዓመት በፊትም አንዱ የሳይንስ ትምህርት ለብዙ ሳምንታት አስተማሪ ሳያገኝ ቆይቶ ነበር። ወላጆቻችን ይህን ያወቁት መቼ ነው? የዓመቱ ካርድ ተሰጥቶ የልጆቻቸውን ዝቅተኛ ማርክ ካዩ በኋላ ነው። ብዙዎቹም ጥፋቱ የልጁ መስሏቸው ልጁን ገሠጹ። በዚያው ወቅት በየጠዋቱ ዜና ይነበብ ነበር፤ ነገር ግን ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል አልነበረበትም።

ነገሩ የእኛ ትምህርት ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁም ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ውጤቱ ሲነገር፣ ወደ 900 ሺህ ገደማ ከሚሆኑት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆኑ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በ2014ቱ ፈተና ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ መቅረታቸው ነው። ስለ እነዚያ ትምህርት ቤቶች አገሩ ሁሉ የሰማው ዜና አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ዜሮ የሚል ነው።

እኔ ይህን ቁጥር ባሰብሁ ጊዜ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ። ያ ዜሮ በአንድ ቀን የመጣ ነውን? አይደለም። አስተማሪ ያልገባበት ክፍለ ጊዜ፣ ያልተከፈተ ቤተ ሙከራ፣ ያልደረሰ መጽሐፍ፣ ጥያቄ ያልጠየቀ ተማሪ፣ ቀን በቀን እየተጠራቀመ የመጣ ነው። በየቀኑ ቢነገር ኖሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይታረም ነበር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ዜና እሳቱ ቤቱን ከፈጀው በኋላ የሚሰማ ጩኸት ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ገመናን በአደባባይ ማውጣት ትምህርት ቤቱን ያዋርዳል፤ አስተማሪዎችንም ያስቀይማል» የሚለው ነው። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ አስተማሪን ማክበር የትምህርት መጀመሪያ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ዜናው የሰው ስም ሳይጠራ የሥራውን ነገር ብቻ ይናገር። «እገሌ የተባሉት አስተማሪ ቀሩ» ማለት ሐሜት ነው፤ «በ10ኛ ለ ክፍል በዚህ ሳምንት 2 የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ አልተሰጠም፤ ማካካሻው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው» ማለት ግን ዜና ነው። የቀረው አስተማሪ ታመው ይሆናል፤ ለስብሰባ ተጠርተው ወይም ደመወዝ ለመቀበል ሩቅ ሄደው ይሆናል። ወላጅ ይህን በጊዜው ካወቀ ይረዳል እንጂ አይፈርድም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደማይገኝለት ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለዚህ የሚሆን ጊዜም፣ መሣሪያም፣ የሠለጠነ ሰውም የለንም» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ እንዲሆን የአገራችንን የጋዜጣ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ ዓ.ም. አንድርያስ ካቫድያስ የተባለ የግሪክ ሰው ያዘጋጀው «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በመጀመሪያ የወጣው በማተሚያ መኪና አልነበረም፤ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ይታደል ነበር። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የተጀመረው «አዲስ ዘመን»ም በመጀመሪያው ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን የሚወጣ ነበር። የአገር ጋዜጣ በእጅ ጽሑፍ ከተጀመረ፣ የአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ዜና በአንድ ደብተርና በአንድ እስክሪብቶ ለመጀመር ምን ያግደዋል?

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። በየክፍሉ አንድ ደብተር ይኑር፤ በየሳምንቱም ጸሐፊ የሚሆን አንድ ተማሪ በተራ ይመረጥ። ተራው ለጎበዞቹ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ይድረስ፤ ሦስት መስመር በትክክል መጻፍ ራሱ ትምህርት ነውና። ጸሐፊው ከትምህርት በኋላ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍ፤ ዛሬ ምን ተማርን? ምን ሞከርን? ምን ሳይሠራ ቀረ? አንድ አስተማሪ አይተው ያርሙት። በማግሥቱ ጠዋት የሚኒ ሚዲያው ክበብ ከየክፍሉ ከመጣው መርጦ በሦስት ደቂቃ ያንብበው። ድምፅ ማጉያው በተበላሸ ቀን ወይም መብራት በጠፋ ጊዜ ድምፁ ጎላ ያለ ተማሪ በቃሉ ይናገረው። ቀልዱም እንቆቅልሹም ከዚያ በኋላ ይቀጥል፤ የሚከለክላቸው የለም።

ከዚህም ሌላ የሳምንቱ ዜና በንጹሕ ወረቀት ተገልብጦ በገበያ ቀን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ወላጆቻችን በዚያ ሲያልፉ ያዩታል። ማንበብ ለማይችሉት አባቶችና እናቶች ልጆቻቸው ቆመው ያነቡላቸዋል፤ ይህም ለልጁ ክብር ነው። የወላጆች፣ የተማሪዎችና የመምህራን ኅብረትም ስብሰባውን ሲጀምር አስቀድሞ ደብተሩን ገልጦ «በዚህ ወር ሳይሠራ የቀረው ምንድር ነው? ምንስ እናድርግ?» ብሎ ይጠይቅ። እስካሁን ወላጆቻችን ለስብሰባ የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ ለመዋጮ ወይም ልጅ ሲያጠፋ ነው። ትምህርት ቤቱን በድንጋይና በአሸዋ የሠሩ ሰዎች በውስጡ የሚሠራውንም ለማወቅ መብት አላቸው።

ይህ ለአስተማሪዎቻችንም ጥቅም አለው። አንድ አስተማሪ ከገዛ ኪሳቸው ፊኛና ኮምጣጤ ገዝተው ሙከራ ቢያሳዩ ዛሬ የሚያውቅላቸው የዚያ ክፍል ተማሪ ብቻ ነው። ዜናው ቢነገር ሌላው አስተማሪ ይበረታታል፣ ወላጅም ያመሰግናል። አስተማሪ ስሙ የሚነሣው ሲቀር ብቻ ከሆነ ሲተጋ ማን ያየዋል?

ይህ መጽሔት በዓመት አንድ ጊዜ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ታናናሽ ወንድሞቼና እህቶቼ የሚቀጥለውን እትም እስክታገኙ ድረስ ከ200 የሚበልጡ የትምህርት ቀኖች ያልፋሉ። እኔና ጓደኞቼ በዚያን ጊዜ እዚህ አንኖርም። ደብተሩን የምትጀምሩት እናንተ ናችሁ፤ ለመጀመርም የማንም ገንዘብ አያስፈልጋችሁም። ክቡር ርዕሰ መምህራችንና አስተማሪዎቻችን ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ፣ ወላጆቻችንም በበሩ ሲያልፉ ቆም ብለው እንዲጠይቁ በአክብሮት እለምናለሁ። የሚመጣው መስከረም ትምህርት ሲከፈት በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ከምሰሶው ሥር የሚነበበው የመጀመሪያው ዜና «ትናንት ምን ተማርን?» የሚል ይሁን።