ስለ አልጋ ልብስ ንጽሕና

በብዙዎቻችን ቤት አንሶላ በየሳምንቱ ይታጠባል። ነገር ግን እጥበቱ ከጌታውና ከእመቤቲቱ አልጋ ጀምሮ የልጆቹን ያዳርስና ሰርቪስ ከሚባለው ክፍል ደጃፍ ሳይደርስ ያልቃል። የዘበኛው ብርድ ልብስና የሠራተኛዪቱ አንሶላ ከዓመት በዓል እስከ ዓመት በዓል ውሃ አያያቸውም። ይህን የምናነሣው ስለ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ቅማልና ትኋን ማዕርግ ለይተው አያውቁምና ነው። ሕፃኑን አዝላ የምትውለው፥ የጌታውንም አልጋ የምታነጥፈው ያችው ሠራተኛ ናት።

የገላ ቅማል ዕንቁላሉን የሚጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። ታይፈስ የተባለውን ተስቦና እየተመላለሰ የሚያገረሸውን ትኩሳት ከሰው ወደ ሰው የሚያደርስ እርሱ ነው፤ ይህም ሁለተኛው በሽታ ከብዙ አገሮች ሲጠፋ በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ይገኛል። ቅማሉን ከነቅጫሙ ለማጥፋት ውሃው ከ54 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ የጥጥ አንሶላና የትራስ ልብስ በሳፋ ተደርጎ የፈላ ውሃ ይፈስስበትና ሳይቀዘቅዝ ተከድኖ ይቈይ፤ ከዚያ በኋላ በሳሙና ይታጠብ። ደም የነካው ቢኖር አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያደርቀዋል።

የሱፍ ብርድ ልብስ በፈላ ውሃ ይኰማተራል፤ በረኪናም ያበላሸዋል። እንዲህ ያለውን በላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ ከሁለት ሳምንት በላይ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ቅማልም ሆነ የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ተለይቶ ይህን ያህል አይቈይም። ትኋን ግን ብዙ ወር ጾሙን ይሰነብታልና (በዚህስ ከመነኵሴ ይበልጣል) በከረጢት አይሸነፍም። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር የሚቀላቅል ሰው መርዘኛ ጢስ እንደሚያወጣ ይወቅ።

እናቶቻችን ነጭ ልብስ የሚያነጡት በእንዶድ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እነዚህም ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱ ናቸው። በ1989 ዓ.ም. እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚሁ ጥናት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ እንዶድ መልካም ሳሙና ነው፤ ነገር ግን ዓሣንም ይገድላልና እጣቢው ወደ ወንዝ አይደፋ፤ ሲወቀጥም ብናኙ ዐይንን ይፈጃል። የቅማል መድኃኒት ነው ብሎ የሙቁን ውሃ ሥራ ለእርሱ መተው ግን አይገባም።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ከገቡ በኋላ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሩዋቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው። ግቢ ያለው ቤት ማስጫ አያጣም፤ ለሠራተኛም የተለየ ክፍል ነበረው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌላው ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተ ሰብ ብዙ ነው። በዚያም ሠራተኛዪቱ ብዙ ጊዜ በሳሎን ወይም በማድ ቤት ጥግ ታድራለች፤ ፍራሿም ጧት ተጠቅልሎ ከልጆቹ አልጋ ሥር ይገባል። በሰርቪስ ሳለ ሩቅ የነበረው ፍራሽ አሁን ከልጆቹ ራስ በታች ሆኗል ማለት ነው።

በረንዳው ጠባብ፥ ውሃውም በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሁሉን በአንድ ቀን ማጠብ አይቻልም። ውሃ በመጣበት ቀን አስቀድሞ የሠራተኛዪቱና የዘበኛው ይታጠብ፤ የእኛ በሚቀጥለው ፈረቃ ይደርሳል። «ለእነርሱ ምን አንሶላ ያስፈልጋቸዋል?» የሚሉ እመቤቶች አይጠፉም፤ እኛ ግን ለእያንዳንዱ አልጋ ሁለት ሁለት ቅያሪ እንዲኖር እንመክራለን። ከሁሉ ይልቅ ለዘበኛው ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይገዛለት፤ አንዱ ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ የኅዳርን ሌሊት በደጅ የሚያሳልፈው እርሱ ነውና።